የደጃፉ ድንጋይ

የአከራዬን ልጅ ክንድ የሰበርሁት በምሳር እጀታ ነው። ሰው ሲያወራው በምሳር መታችው ይላል፤ ውሸት ነው። ብረቱ ገና አልገባበትም ነበር፤ ደረቅ የወይራ እጀታ ነው። ብረት ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው ወህኒ ቤት ሆኜ ነበር። ይህን የምለው ራሴን ለማንጻት አይደለም። እጄ የገባው ምሳሩ ቢሆን በምሳሩ እመታው ነበር።

ንፋስ መውጫ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አሥራ አንድ ዓመት የእርሻ መሣሪያ ሸጫለሁ። ማረሻ፣ ማጭድ፣ ዶማ፣ ምሳር፣ ጠፍር፣ የአህያ ጭነት የሚታሰርበት ገመድ። ገብስና ስንዴ ሊደርስ ሲል ከላይ ጋይንትም ከታች ጋይንትም ከስማዳም የሚመጣ ገበሬ ማጭዱን ከእኔ ይወስዳል፤ ከሌላ የገዛውን እንኳ ስለት የማወጣለት እኔ ነበርሁ። ሴት ብረት ስትሸጥ አይተው የሚያሾፉ አልጠፉም። አንዱ ደጃፌ ላይ ቆሞ የማጭዱን ስለት በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ፣ ይህን የሳለው ወንድ ነው እንጂ አንቺ አይደለሽም ሲለኝ፣ ጣቱን ይዤ ስለቱ ላይ ጎተት አደረግሁለት። ደሙ ሲንጠባጠብ ጓደኞቹ ሳቁበት። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀና ሁለት ማጭድ ገዝቶ ሄደ።

ወደዚያ ቤት የደረስሁት ከባሌ ሸሽቼ ነው። ትዳሬ አርብ ገበያ አጠገብ ነበር። ባሌ የሚመታኝ በበሬ ጅራፍ ነው፤ አንድ ቀን ጅራፉን ከእጁ ነጠቅሁና የተቀበልሁትን ያህል መለስሁለት። ከዚያ ወዲያ እዚያ ቤት ማደር አይቻልም፤ ወይ እሱ ይገድለኛል፣ ወይ እኔ። ግማሹን መንገድ በእግሬ፣ ግማሹን በእህል መኪና ላይ ሆኜ ንፋስ መውጫ ገባሁ። መጀመሪያ ገበያው መሐል ጆንያ ዘርግቼ ማጭድ እሸጥ ነበር። አንድ ጎረምሳ ቦታዬን ሊነጥቅ ጆንያዬን ሲረግጥ፣ በማጭድ ጀርባ ቁርጭምጭሚቱን አልሁት፤ እያነከሰ ሄደ። ይህን ቆመው ያዩ አንድ አዛውንት ነበሩ። ጋቢ የለበሱ፣ ረጅም ዘንግ የያዙ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሰው። እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ይህች ሴት ደጄ ላይ ብትቀመጥ ውሻ ማሳደጉ ይቀርልኛል አሉ። አከራዬ የሆኑት እንዲህ ነው።

ቤታቸው የጭቃ ቤት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መግቢያው በጓሮ በኩል ነበር። መንገዱ አስፋልት ከመሆኑ በፊት የተሠራ ስለሆነ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቷል። ሱቅ እንዲሆን ግድግዳው መሰበር ነበረበት። አዛውንቱና እኔ እየተቀባበልን ሁለት ቀን በዲጅኖ ደበደብነው። ባለ ሁለት ተከፋች የብረት በር አሠርቼ አስገጠምሁ። ደጃፉ ላይ የሚረገጥ ነገር ሲጠፋ፣ እሳቸው ከተወለዱበት ከስማዳ፣ ከወንዝ ዳር፣ አንድ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ በአህያ አስጭነው አመጡ። ድንጋዩን በእጃቸው አስተካክለው ተከሉት፤ ረገጡት፤ አይነቃነቅም አሉ።

ቃል የሰጡኝም የዚያን ዕለት እዚያው ድንጋይ ላይ ቆመው ነው። የነፍስ አባታቸው አጠገባቸው ነበሩ። እዚሁ ጋይንት፣ ቤተ ልሔም ገዳም የተማሩ፣ ዜማ የሚያውቁ፣ ቁጡ ቄስ ናቸው።

«እኔ በሕይወት እስካለሁ ከዚህ ደጃፍ የሚያነሳሽ የለም። እኔ ስሞትም ልጄ ቃሌን አያጥፈውም» አሉኝ።

ቄሱ፣ ሰምቻለሁ አሉ። ወረቀት ይጻፍ ያለ አልነበረም። የነፍስ አባት የሰማው ቃል ከማኅተም ይበልጣል ብዬ እኔም ዝም አልሁ። የከተማ ሰው ይህን ሲሰማ ሞኝ ይለኛል። ይበለኝ። እኛ ዘንድ ሰው መሬቱንም ልጁንም የሚሰጠው እንዲህ ነው።

ጠዋት ጠዋት ድንጋዩ ላይ ሁለት ሆነን እንቀመጣለን። እሳቸው በግራ በኩል ዘንጋቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ እኔ በቀኝ በኩል ውሃ እያፈሰስሁ ድንጋዩ ላይ ማጭድ እስላለሁ። ስለ ልጃቸው ያወሩኛል። ልጁ አድጎ ባሕር ዳር ግንባታ ላይ የሚሠራ ነው። ትንሽ ሳለ ያየሁት ልጅ ነው፤ ይህንኑ ድንጋይ ሲዘል ወድቆ የፊት ጥርሱን ሰብሯል፤ ደሙን በነጠላዬ የጠረግሁለት እኔ ነኝ። እትዬ እያለ ነው ያደገው።

ሰፈሩ ከዓመት ዓመት ሲለወጥ በዓይኔ አየሁ። መለወጥ ስል ቀስ ብሎ አይደለም፤ በዱላ ነው። ከጎኔ የነበረውን ልብስ ሰፊ ባለቤቶቹ ሲያስወጡት የስፌት መኪናውን ዝናብ ላይ ወረወሩት፤ ሰውዬው ጭቃ ውስጥ ተንበርክኮ የመኪናውን ጎማ ሲያዞር፣ አልዞር ሲለው፣ እንደ ልጅ አለቀሰ። ከእሱ ቀጥሎ ጠላ የምትሸጠው ሴት ቤት አልለቅም ብላ በጎረምሶች ተጎትታ ወጣች፤ ፀጉሯ ከሥሩ ተነቅሎ የአንዱ እጅ ላይ ቀረ። በየቦታው ፎቅ በቀለ። ስልክ የሚሸጡ፣ ጫማ የሚሸጡ፣ መስታወት በር ያላቸው ሱቆች መጡ፤ ድምፅ ማጉያቸው ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ከአስፋልቱ ፊት ለፊት የጭቃ ቤት አይቆይም የሚል ወሬ ተነዛ። ሰው ሁሉ አንቺስ ምን አሰብሽ ይለኛል። እኔማ ቃል አለኝ እያልሁ እኮራለሁ። ለተባረሩት ጎረቤቶቼ አዝኜ ነበር፤ ግን እውነቱን ለመናገር ውስጥ ውስጡን ሞኝነታቸው ነው እል ነበር። ሰው አይተው ቢከራዩ ኖሮ እል ነበር።

ከተማው ውስጥ ተኩስ በነበረበት ሰሞን አንድ ጥይት በሬን በስቶ ገባ። አዛውንቱ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ በጋቢያቸው ጎትቼ ወደ ውስጥ አስገባኋቸውና በሩን ዘጋሁት፤ ወዲያው ጥይቱ መጣ። ከተሰቀሉት ማረሻዎች አንዱን መታውና ማረሻው እንደ ደወል ጮኸ። ሁለታችንም መሬት ላይ ተደፋን። ውጭ አንድ ሰው ወድቆ ያቃስታል፤ ማን እንደሆነ አናውቅም፣ መውጣትም አንችልም። ማቃሰቱ እስኪያልቅ ድረስ አዛውንቱ እጄን ይዘው ዳዊት ሲደግሙ ቆዩ። የዚያን ቀን አባቴ ናቸው አልሁ። የበሩን ቀዳዳ አላስደፈንሁትም። በዚያ የምትገባው የፀሐይ ጨረር ጠዋት ማረሻዎቹ ላይ ታርፍ ነበር።

በመጨረሻው ዓመት አዛውንቱ ዝምተኛ ሆኑ። ድንጋዩ ላይ ይቀመጣሉ፤ ግን ፊታቸውን ወደ አስፋልቱ ያዞራሉ እንጂ አያዩኝም። አንድ ሁለት ጊዜ፣ ልጄ አንድ ነገር ልንገርሽ ብለው ይጀምሩና፣ ተይው ሌላ ቀን ይላሉ። ሕመም ነው አልሁ። ገንፎ አገንፍቼ እወስድላቸው ነበር፤ ሲበሉም አንገታቸውን ይደፋሉ። ከዚያ በአንድ ሳምንት ሞቱ። ከልጃቸው ይልቅ የጮኽሁት እኔ ነኝ። ደረቴን ደቅቼ ደቅቼ አጥንቴ አብጦ ሰነበተ።

በእኛ አገር የሟች ቤት አርባው ሞልቶ ተዝካሩ ሳይወጣ አይነካም። ርስቱ አይከፈልም፣ ዕቃው አይሸጥም፣ ከግድግዳው ምስማር አይነቀልም። ነፍሲቱ ገና መንገድ ላይ ናት ይባላል። ስለዚህ አርባ ቀን እንዳለኝ አውቄ ተቀመጥሁ። ከአርባው በኋላም ቃሉ አለ። እንቅልፌን ነበር የምተኛው።

አርባው ሊሞላ አሥር ቀን ሲቀረው ልጁ ከባሕር ዳር መጣ። ከአባቱ የወረሰው ትሕትና አለው፤ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ። ከዚያ ነገ ዕቃዬን እንዳወጣ ነገረኝ። ቤቱ ሊፈርስ ነው፤ ግሬደር የሚመስለው ትልቁ ማሽን፣ ሎደር የሚሉት፣ ለሌላ ሥራ ከተማ ገብቷል፤ ከነገ በኋላ ይሄዳል፤ ሌላ ጊዜ አይገኝም አለ። በመጀመሪያ የቀለደ መሰለኝ። ተዝካሩስ አልሁት። የአባትህስ ቃል ስለው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። ፊቱ እንደ ዐመድ ሆነ።

«ተዝካሩ ይውጣና እነግርሻለሁ፣ እትዬ። አሁን ግን ዕቃሽን አውጪ» አለ።

«ለማፍረስ ተዝካሩን አትጠብቅም፤ ለመናገር ግን ትጠብቃለህ?» አልሁት።

ሳቅሁበት። ያን ሳቅ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም የጠየቅሁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነበር፤ መልሱን ግን አልጠበቅሁም። ከደጃፌ ሂድ፣ የአባትህ መቃብር ገና አልደረቀም አልሁና የቀረውን የስድብ ዓይነት ሁሉ አወረድሁበት። አንገቱን ደፍቶ ሄደ። ዕቃዬን አላወጣሁም። አንዲት ማጭድ እንኳ ከመስቀያዋ አላወረድሁም።

በማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። ማሽኑ ሲመጣ መሬቱ ተንቀጠቀጠ፤ የተሰቀሉት ብረቶች እርስ በርስ ተንገጫገጩ። ድንጋዩ ላይ ሄጄ ተቀመጥሁ። ከጎኔ የታሰረ የምሳር እጀታ ክምር ነበር። ልጁ ከሦስት ሠራተኞች ጋር መጣ። አንደኛው ሰንሰለት ይዞ በሬን ከማሽኑ ጋር ማሰር ጀመረ። ያን በር፣ ጥይት የበሳውን በር። ልጁ እትዬ ተነሺ፣ ትጎጃለሽ እያለ ክንዴን ያዘ። ሊጎትተኝ ነው ወይስ ሊያነሳኝ፣ ዛሬም አላውቅም። ባሌም እንዲህ ነበር ክንዴን የሚይዘው። ከክምሩ አንድ እጀታ መዝዤ ተነሳሁ።

ያነጣጠርሁት አናቱን ነው። ይህን ለፖሊስ አልተናገርሁም፤ ለነፍስ አባት ግን ተናግሬዋለሁ። ቀኝ ክንዱን አነሳና ጋረደው፤ እጀታው ከክርኑ በታች አረፈ። ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ነው። ክንዱ መገጣጠሚያ በሌለበት ቦታ ታጠፈ። ልጁ አልጮኸም፤ ክንዱን እያየ ቁጢጥ አለ። ደግሜ ልመታው ነበር። አንዱ ሠራተኛ በአካፋ ወገቤን አለኝና ተደፋሁ፤ ተደፍቼ ጭኑን ነከስሁት፤ ደምና ሲሚንቶ አፌ ውስጥ ገባ። በዚህ መሐል ገበያተኛው ደረሰ። ማጭዴን የሚያውቁ ገበሬዎች ዱላቸውን ይዘው ገቡ፤ ማንን እንደሚመቱ ሳይጠይቁ መቱ። የሁለት ሠራተኛ ግንባር ተተረተረ። አንዲት ጭነት ያለባት አህያ ደንብራ ሰው ረግጣ አለፈች። የሎደሩ ነጂ ፈርቶ ይሁን እልህ ይዞት፣ ማሽኑን ወደ ኋላ ነዳው። ሰንሰለቱ ተወጠረ። በሬ ከነግድግዳው ተነቅሎ ወጣ፤ ጣሪያው ተከትሎ ወረደ። አሥራ አንድ ዓመት የሰቀልሁት ብረት ሁሉ ጭቃ ሥር ገባ።

ያቆመን ቄሱ ናቸው። መስቀላቸውን ከፍ አድርገው አቧራው መሐል ገቡ። ገዝቻችኋለሁ፣ ከዚህ በኋላ እጁን ያነሳ ውጉዝ ነው አሉ። ዱላው ሁሉ ወረደ። እኔ ግን እጀታውን አለቅም ብዬ ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው የወሰዱብኝ።

ጣቢያ ሰነበትሁ። ዋስ ሆነው ያስወጡኝ እኒሁ ቄስ ናቸው። ሁለታችንንም እኩል ተቆጥተዋል። እሱን፣ የአባቱን ቤት አርባው ሳይሞላ በማፍረሱ፤ እኔን፣ ደም በማፍሰሴ። ሽማግሌዎች ተቀመጡና ነገሩን ቆረጡት። በተዝካሩ ዕለት፣ ሕዝብ በተሰበሰበበት፣ ድንጋይ ተሸክሜ ማረኝ እላለሁ። እሱ ድንጋዩን አውርዶልኝ ይቅር ይለኛል፤ ክሱንም ይተዋል። ከእርቁ በኋላ ደግሞ ሽማግሌዎቹ በአዲሱ ቤት ላይ አንድ የፊት ክፍል እንዲያከራየኝ ይለምኑልኛል። እኔ የፈለግሁት ይህን የመጨረሻውን ብቻ ነው። እስሩ አላስፈራኝም። ያንን ደጃፍ ካጣሁ ንፋስ መውጫ ውስጥ ማን እንደሆንሁ ለራሴም አላውቅም ነበር።

ቄሱ፣ የምትችይውን ድንጋይ ያዢ፣ ለምልክት ነው ብለውኛል። ሰው ሁሉ የሚይዘው የጡብ ያህል ነው። እኔ ግን በተዝካሩ ዕለት ማለዳ ወደ ፍርስራሹ ሄድሁ። ዳሱ የተጣለው እዚያው ፍርስራሹ ላይ ነው፤ ሴቶች ወጥ ያማስላሉ። በእጄ ጭቃውን ቧጥጬ የደጃፉን ድንጋይ አወጣሁት።

ለምን እሱን እንደመረጥሁ ልናገር። ክፋት ነው። የተሸከምሁትን ድንጋይ ማውረድ የሚችለው የተበደለው ሰው ብቻ ነው፤ የሌላ ሰው እጅ አይነካውም። እሱ ደግሞ አንድ እጅ ነው ያለው፤ ሌላውን ወጌሻ በቀርከሃ ጠፍሮለታል። ሕዝብ ፊት ታግሎ እንዲያቅተው ፈለግሁ። የአባቱን ድንጋይ አይቶ እንዲያፍር ፈለግሁ። ይቅርታ ልጠይቅ እየሄድሁ ሁለተኛ ልመታው ነበር።

ሁለት ሰዎች ማጅራቴ ላይ አወጡልኝ። እንስራ የለመደ ጀርባ ነው ብዬ ነበር፤ ግን የአንገቴ አጥንት ሲንቋቋ ሰማሁት። እየተንገዳገድሁ ዳሱ መሐል ደረስሁና ፊቱ ቆምሁ። ድንጋዩን ሲያይ ወዲያው አወቀው። ምላሱ ወደ ተሰበረው ጥርሱ ሲሄድ አየሁ። ሦስት ጊዜ ማረኝ አልሁ። ስለ እግዚአብሔር ይቅር ብያለሁ አለና ግራ እጁን ዘረጋ። ድንጋዩ አልተነቃነቀም። እንደገና ሞከረ። ከዳሱ ጥግ አንድ ሰው ሳቀ። አንድ ዘመዱ ሊያግዘው ሲነሳ ቄሱ በዘንጋቸው ደረቱን ገፍተው አስቀመጡት። እኔ ደስ አለኝ። ደም ደም የሚል ነገር ጉሮሮዬ ውስጥ ገብቶ፣ ዓይኔ እየጨለመ፣ ደስ አለኝ።

ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገ። የታሰረውን ክንዱን ከማንገቻው አውጥቶ ድንጋዩ ሥር አስገባው። ቀርከሃው ጆሮዬ ሥር ሲሰነጠቅ ሰማሁ። ከጉሮሮው የወጣውን ድምፅ በሬ ሲታረድ ሰምቼዋለሁ፤ ከሰው ግን አልሰማሁም። ድንጋዩ ተነሳ፤ ትንሽ ብቻ። ተው፣ እጅህን አውጣ አልሁት። አላወጣም። የገጠመለት አጥንት እንደገና ሲለቅ በማጅራቴ በኩል ተሰማኝ። ያኔ ጉልበቴን አጠፍሁ። ባሌ በጅራፍ ያላጠፈውን ጉልበት አጥፌ መሬት ነካሁ፤ ድንጋዩ በትከሻዬ ተንሸራትቶ ወርዶ እግሬ ላይ አረፈ። ሁለት ጣቶቼ ተጨፈለቁ። ሁለታችንም ድንጋዩ አጠገብ ተዘረርን፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ እርቁ ወርዷል።

እግሬን በነጠላ ጠቅልለውልኝ፣ እሱንም ውሃ አፍስሰውበት ነፍሱ ስትመለስ፣ ሽማግሌዎቹ ልመናቸውን ጀመሩ። አንድ ክፍል፣ የፊት ለፊቱን፣ ስለ አባትህ ቃል ብለህ አሉት። ልጁ እነሱን አላየም። እኔን ነው ያየው።

«ደጃፉን የሰጠው አባቴ ነው፣ እትዬ» አለ። «ክረምት ሳይገባ ለስልክ ሱቅ ነጋዴ ቃል ሰጠ። ፎቁም የአባቴ ሐሳብ ነው፤ ስሜ በፎቅ ይጠራ አለ። እኔ በሕይወት እያለሁ ግን አትንካት፣ ፊቷን ማየት አልችልም፤ ስሞት አፍርሰው አለኝ።»

«ያን ቀን ለምን አልነገርኸኝም?» አልሁ።

«ተዝካሩ ሳይወጣ የአባቴን ስም ላነሳ?»

የተሰበረ ክንዱን በጤነኛው ደግፎ ነው ይህን ያለው። ቤቱን አፍርሷል፤ የአባቱን ስም ግን አርባው እስኪሞላ ጠብቋል። በዚያ ቀን አንድ ቃል ቢናገር ኖሮ ክንዱ ሙሉ ነበር። እኔም ለዚያ ቤት የተማገድሁት ልማዱን አምኜ ነው፤ እሱም ዝም ያለው ልማዱን አክብሮ ነው። ዞር ብዬ ቄሱን አየኋቸው። መስቀላቸውን ያገላብጣሉ። በኑዛዜ ሰምተውት እንደሆነ አልጠየቅሁም፤ ብጠይቅም አይነግሩኝም። የእነዚያ ጠዋቶች ዝምታ፣ ወደ አስፋልቱ የዞረው ፊት፣ አንገት የተደፋበት ገንፎ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ መጣብኝ። አዛውንቱ በዚያ ሰዓት በሕይወት ቢኖሩ ምን እንደማደርግ አውቃለሁ። እጀታ አልፈልግም ነበር፤ እጄ ይበቃኝ ነበር።

ልጁ በግራ እጁ ድንጋዩን አሳየኝ። ደጃፉን ልሰጥሽ አልችልም፣ ይህን ግን ውሰጂው አለ። ሌላ የምወስደው አልነበረኝም። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ከአስፋልቱ ማዶ አወጡልኝ።

አሁን የምሸጠው እዚያ ነው፣ ጃንጥላ ሥር፣ ጆንያ ዘርግቼ፤ እንደ መጀመሪያዬ። ጭቃው ውስጥ ከተገኙት ማጭዶች የጀመርሁት ነው። ፊት ለፊቴ ፎቁ ቆሟል፤ የስልክ ሱቁ መስታወት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይኔን ይወጋኛል። ልጁ ሲያልፍ በግራ እጁ ሰላም ይለኛል፤ ቀኙ ከዚያ ወዲያ አልተዘረጋም። እኔ አነክሳለሁ። ቂም የለንም፤ በእርቅ ያለቀ ነገር ነው። በዓመቱ ተዝካር ላይም ጎን ለጎን ተቀምጠን በልተናል።

ድንጋዩ ላይ ግን ብቻዬን እቀመጣለሁ። ድሮ በቀኝ በኩል እስል ነበር፤ አሁን የምቀመጠው በቀኝ፣ ማጭድ የምስለው በግራ፣ እሳቸው ይቀመጡበት በነበረው ወገን ነው። ጠንካራ ድንጋይ ነው፤ ቢሆንም የእሳቸው ወገን በስለት ተፍቆ ጎድጉዷል። ተበልቶ ሊያልቅ ሁለት ሦስት አጨዳ ቢቀረው ነው።